ባርስሎኔት፦ ጎርፍ፣ ደንና ስደት በአንዲት የፈረንሳይ ተራራ ከተማ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)




በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ከኢጣልያ ድንበር አጠገብ፣ በአልፕስ ተራሮች መካከል ኡባይ የተባለ ወንዝ የሚያልፍበት ሸለቆ አለ። በሸለቆው ወገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,130 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ከተማ ባርስሎኔት ትባላለች። የነዋሪዋ ቁጥር ዛሬ ሦስት ሺህ አይሞላም። የዚች ትንሽ ከተማ ስም የሚገኘው ግን እርስ በርሳቸው በማይተዋወቁ በሁለት ዓይነት መጻሕፍት ውስጥ ነው። አንደኛው ዓይነት ስለ ጎርፍ መከላከልና ስለ ተራራ ደን መልሶ ማልማት የሚያስተምር ሲሆን፣ ሁለተኛው የሜክሲኮን የንግድና የፋብሪካ ታሪክ የሚተርክ ነው። የደን ሰዎች ያቺን ከተማ ሲያነሡ ስለ ክትርና ስለ ችግኝ ይናገራሉ፤ የታሪክ ሰዎች ደግሞ ስለ ጨርቅ ነጋዴና ስለ ስደተኛ ይጽፋሉ። የሚናገሩት ግን ስለ አንድ ሸለቆ፣ ስለ አንድ ዘመንና ስለ አንድ ሕዝብ ነው። የባርስሎኔትን ጎርፍ ማን ገታው ለሚለው ጥያቄ ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ሙሉ መልስ አይገኝምና፣ ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት ሁለቱ አንድ ላይ እንዲቀርቡ ሆኗል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከተማዋን በ1231 የቆረቆራት የፕሮቫንስ ገዥ የነበረው ሬሞን ቤራንዤ አራተኛ ነው። የትውልድ ሐረጉ ከባርሴሎና መሳፍንት የሚወርድ ስለ ነበረ ስሟ «ትንሿ ባርሴሎና» ማለት ነው ይባላል። መንገዶቿ እንደ ዘመኑ አዳዲስ ከተሞች በገመድ የተለኩ ያህል ቀጥ ብለው ተቀይሰዋል። ሸለቆው ከ1388 ጀምሮ ለሳቮይ መሳፍንት ሲገብር ኖሮ በ1713 በኡትሬክት የሰላም ውል ለፈረንሳይ ተላለፈ። የነገሥታቱ ነገር በዚህ ይብቃ፤ ለኡባይ ገበሬ ከነገሥታቱ መለዋወጥ ይልቅ የክረምቱ ርዝመት ይከብደው ነበርና።

ክረምት ሲባል እንደ አገር ቤቱ የዝናብና የዘር ወራት አይደለም፤ በረዶ ምድሩን ሸፍኖ ሰውንም ከብትንም በአንድ ጣራ ሥር የሚዘጋ፣ ከዓመቱ ግማሽ የሚጠጋ ጊዜ ነው። በቀረው ግማሽ ዓመት ገበሬው አጃ ይዘራል፣ ድርቆሽ ያጭዳል፣ በጎቹን ወደ ከፍተኛው መስክ ያወጣል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ቤተሰቡን ዓመት ከዓመት አይመግብም ነበር። ስለዚህ በረዶው ሳይወርድ ከየቤቱ አንድ ሁለት ወንድ ይወጣል። የሚወጣው በአብዛኛው ጨርቅ ተሸክሞ ነው። እንደ ሱቅ በደረቴ ከመንደር መንደር እየዞረ፣ በፕሮቫንስ ቆላ፣ በሊዮን አካባቢ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሰሜን ድረስ ሲሸጥ ከርሞ በረዶው ሲቀልጥ ለእርሻው ይመለሳል። አንድ አፍ ለስድስት ወር ከቤት መቀነሱ ብቻውን ትርፍ ነበር።

ሌላው የክረምት ሥራ ማስተማር ነበር። ረጅሙን ክረምት ልጆች በበረት ሙቀት ውስጥ ተሰብስበው ፊደልና ሒሳብ ይማሩ ስለ ነበር፣ የተራራው ሰው ከቆላው ገበሬ ይልቅ ማንበብና መጻፍ በማወቁ የታወቀ ነበር። ይህን ዕውቀት እንደ ጨርቁ አዝለው ወደ ቆላ የሚወርዱ የክረምት መምህራን ነበሩ። በመከር ገበያ ላይ ባርኔጣቸው ላይ ላባ ሰክተው ይቆማሉ፤ አንድ ላባ ማንበብ ለሚያስተምር፣ ሁለት ላባ ሒሳብ ለሚጨምር፣ ሦስት ላባ ደግሞ ላቲን ለሚችል ነው። የቆላው መንደር ሽማግሌዎች ላባውን ቆጥረው፣ ዋጋውን ተከራክረው አንዱን ለክረምቱ ይቀጥሩታል። አገር ቤት የቆሎ ተማሪው መምህሩን ፍለጋ አገር ያቋርጥ እንደ ነበረ ሁሉ፣ በዚያ መምህሩ ተማሪ ፍለጋ ይንከራተት ነበር ማለት ነው። የላባው ወግ እንዲያው ለወሬ ማጣፈጫ የተነሣ አይደለም፤ ደብዳቤ የሚጽፍና መዝገብ የሚይዝ ገበሬ ባይኖር ኖሮ ወደ ኋላ የሚነገረው የሜክሲኮ ታሪክ ባልሆነም ነበር።

የሸለቆው ጠላት ግን ብርድና ረኃብ ብቻ አልነበሩም። በባርስሎኔት ዙሪያ ያለው ተራራ አናቱ ጠንካራ ዓለት ሲሆን፣ ከሥሩ ጥቁር የሸክላ ኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ጥቁር ድንጋይ ሲደርቅ እንደ ቅጠል ይፈረፈራል፤ ሲረጥብ እንደ ጭቃ ይፈስሳል። ዕፅዋት ያልያዘው እንደሆነ ውርጭ በክረምት ይሰነጥቀዋል፣ የበጋ ነጎድጓዳማ ዝናብ ደግሞ ጠርጎ ይወስደዋል። ከዚህ ዓይነት ተዳፋት የሚወርደው ነገር በተራ አነጋገር ጎርፍ ይባል እንጂ ውሃው ከድንጋዩና ከጭቃው ያነሰ ነው። ቤት የሚያህል ቋጥኝ ተሸክሞ፣ እንደ ገንፎ ወፍሮ፣ ከገደሉ አፍ ሲወጣ በሸለቆው ሜዳ ላይ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። መንደሩም፣ እርሻውም፣ መንገዱም ያለው ከዚሁ ማራገቢያ ላይ ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ለቤትና ለእርሻ የሚመች ሌላ ሜዳ እምብዛም የለምና።

ከነዚህ ወራጅ ወንዞች ሁሉ የከፋው ከከተማዋ ጥቂት ወረድ ብሎ በሳን ፖን መንደር በኩል የሚወርደው ሪዩ ቡርዱ ነው። ተፋሰሱ ከሃያ ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የነበሩ መሐንዲሶች ግን በአውሮፓ ካሉት አስፈሪዎቹ መካከል ይቆጥሩት ነበር። ውሃው ባልወረደበት ቀን ያየው መንገደኛ፣ ሰፊ የድንጋይ በረሃ መካከል አንዲት ቀጭን ጅረት ስትንፏቀቅ አይቶ መሳቁ አይቀርም ነበር።

የእነዚህን ወራጅ ወንዞች ጠባይ በሥርዓት አጥንቶ የጻፈው አሌክሳንድር ሱሬል የተባለ የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ነው። በ1841 ያሳተመው መጽሐፍ በአጎራባቹ የከፍተኛ አልፕስ አውራጃ ስላሉት ወራጅ ወንዞች የሚናገር ሲሆን፣ ፍርዱ አጭር ነበር፦ ደን ባለበት ተራራ አዲስ ጎርፍ አይወለድም፤ ደኑ ሲመነጠር ግን ያንቀላፋው ሁሉ ይነቃል። ስለዚህ ጎርፍን መታገል ያለበት በሜዳው ላይ ግድግዳ የሚገነባ ሳይሆን ተራራው ላይ ወጥቶ የሚተክል ነው አለ። ሐሳቡ ለሃያ ዓመት ያህል ወረቀት ላይ ቆየ። በ1856 ሮንና ሎዋር የተባሉት ታላላቅ ወንዞች ሞልተው የቆላውን ከተሞች ካጥለቀለቁ በኋላ ግን መንግሥት ነቃ፤ ተራራው የታወሰው የቆላው ሰው እግሩ ከረጠበ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። በሐምሌ 1860 የተራራ ደን ተከላ ሕግ ወጣ።

ሕጉ በወረቀት ሲታይ የተስተካከለ ይመስላል። መንግሥት አደገኛ ተዳፋት የሚላቸውን ቦታዎች ይከልላል፤ የመሬቱ ባለቤት፣ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ መንደሩ፣ እንዲተክል ይጠየቃል፤ ባይችል ወይም ባይፈልግ መንግሥት ራሱ ይተክልና ወጪውን ይጠይቃል፤ መንደሩ መክፈል ባይችል ከወል መሬቱ እስከ ግማሽ አሳልፎ ይሰጣል። አሁን ሕጉን በመንደሩ ዓይን ማየት ያስፈልጋል። የወል ግጦሹ ለድኃው ገበሬ ያለው አንዱ ሀብት ነው፤ የራሱ መሬት ጥቂት ሆኖ አምስት ስድስት በግና ፍየል የሚያረባው በዚያ ነው። ለመንደሩ ማዘጋጃ ቤትም የገቢ ምንጭ ነው፤ በየበጋው ከአርል ሜዳ ተነሥተው በሺህ እየሆኑ ወደ ተራራው ለሚወጡት የቆላ በጎች ግጦሹን እያከራየ ገንዘብ ያገኛልና። መሬቱ ሲከለል ለመስኩ መራቆት ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው የቆላ በግ ባለቤት ሌላ ተራራ ፈልጎ ይከራያል፤ መሄጃ የሌለው የመንደሩ ድኃ ግን በጎቹን ይሸጣል። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ልዩነት አላዩትም፤ ወይም አይተው አልፈውታል።

ከዚህም የተነሣ በደቡብ አልፕስ በብዙ ስፍራ ሕዝቡ በደን ባለሙያዎቹ ላይ ተነሣ። ችግኝ በሌሊት ተነቀለ፣ በጎች ሆን ተብሎ ወደ ተከለለው ቦታ ተነዱ፣ የአቤቱታ ወረቀትም ወደ ፓሪስ ጎረፈ። በ1864 መንግሥት ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ፣ በዛፍ ፈንታ ሣር መዝራት እንዲቻል የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ዋናው ለውጥ የመጣው ግን በሚያዝያ 1882 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት መንግሥት የሚያለማውን መሬት ዋጋ ከፍሎ መግዛት ነበረበት፤ ለጥቂት ዓመታት ከግጦሽ ብቻ የሚከለለውም መሬት ካሣ ይከፈልበት ጀመር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የፈረንሳይ መንግሥት የተማረው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ትምህርቱን የሰጡትም ፕሮፌሰሮች ሳይሆኑ ችግኝ የነቀሉ ገበሬዎች ናቸው።

በባርስሎኔት አካባቢ ሥራውን ከመሩት መካከል ስሙ የገነነው ፕሮስፐር ዴሞንዜ ነው። በ1831 የተወለደ፣ በመጀመሪያ በአልጄርያ ያገለገለ የደን መሐንዲስ ነበር። በ1878 እና በ1882 ያሳተማቸው መጻሕፍት ለብዙ ዘመን የሙያው መመሪያ ሆነው ኖረዋል። ዴሞንዜ ከሱሬል የተቀበለውን ሐሳብ በአንድ ነገር አሻሻለው፤ በሚንሸራተት አፈር ላይ ችግኝ መትከል ገንዘብን ወደ ወንዝ መጣል መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ በመጀመሪያ የወንዙ ወለል መያዝ አለበት። በሪዩ ቡርዱ ዋና ገደል ላይ ከጥርብ ድንጋይ ታላላቅ ክትሮች ተሠሩ፤ ከነዚህ አንዱ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። ክትሩ ውሃ ለማጠራቀም የታሰበ አይደለም። ከበስተጀርባው ደለልና ድንጋይ ሲሞላ የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፣ ተዳፋቱም ይለዝባል፤ ወንዙ ወለሉን መቆፈር ሲያቆም ከግራና ከቀኝ ያለው ግድግዳ መናዱን ይተዋል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ከዋናው ገደል ወደ ቅርንጫፎቹ፣ ከቅርንጫፎቹም ወደ ትናንሽ ቦረቦሮች ይወጣል። በቦረቦሩ ላይ የአኻያ ካስማ ተተክሎ በቅርንጫፍ ይታጠራል፤ እርጥብ ካስማው ሥር ሰድዶ አጥሩ ራሱ ሕያው ይሆናል። በመካከሉ ሣር ይዘራል፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፣ በመጨረሻም ዛፍ ይተከላል። ለጥቁሩ መሬት የተመረጠው ዛፍ ጥቁር ጥድ የሚሉት የኦስትሪያ ዛፍ ነበር። ከሐበሻው ጥድ ጋር ዝምድና የለውም፤ ዘመዱ አገር ቤት በየተራራው የተተከለው ፓቱላ ነው። ድርቅን፣ ኖራ የበዛበትን አፈርና ብርድን ይችላል፤ ቶሎ ሥር ይሰድዳል፤ በግም አይወደውም። በሪዩ ቡርዱ ተፋሰስ ብቻ ትልቁና ትንሹ ክትር ሲደመር በሺህ የሚቆጠር ነው። ድንጋዩን ያነጠፉት፣ አኻያውን ያሠሩት፣ ችግኙን በጀርባቸው ያወጡት እነዚያው ግጦሹ የተወሰደባቸው ገበሬዎች ነበሩ፤ በበጋ የቀን ሠራተኛ ሆነው ለመንግሥት ያገለግላሉ። ከበግ አርቢነት ወደ ቀን ሠራተኛነት መውረዱን እንደ ውለታ የቆጠረው ሰው ብዙ አይመስልም።

የደን ሰዎቹ መጻሕፍት በዚህ ያበቃሉ፤ ሸለቆው ለመለመ፣ ጎርፉ ታገደ ይላሉ። ከዚሁ ዘመን ጋር ጎን ለጎን የሄደው ሌላው ታሪክ ግን ከተማዋን ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ይጀምራል።

ከባርስሎኔት በላይ ካለችው ከዦዝዬ መንደር የወጡ አርኖ የተባሉ ወንድማማቾች፣ በባሕላዊው አተራረክ በ1821 ገደማ፣ ማለትም ሜክሲኮ ከስፓኝ ነፃ በወጣችበት ዘመን፣ በሜክሲኮ ከተማ የጨርቅ ሱቅ ከፈቱ። የሱቁ ስም «ሰባቱ በሮች» ነበር። ረዳት ሲያስፈልጋቸው ከአገራቸው ልጆች አስመጡ፤ የመጡት ደግሞ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ የየራሳቸውን ሱቅ ከፍተው በተራቸው የወንድም፣ የአጎትና የጎረቤት ልጅ አስመጡ። በ1845 ከነዚህ ጥቂቶቹ ሀብት ይዘው ወደ ሸለቆው ተመለሱ፤ ወሬው በየበረቱ ውስጥ እንደ ቋያ እሳት ተዛመተ ይባላል። ከ1850 እስከ 1950 ባለው መቶ ዓመት ከ2,500 እስከ 3,000 የሚገመቱ ሰዎች ከዚህ አንድ ሸለቆ ወደ ሜክሲኮ ሄደዋል። በሜክሲኮ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ስም «ባርስሎኔት» ይላቸው ነበር፤ ከሌላ መንደር የመጣውም ቢሆን ከዚህ ስም አያመልጥም።

የሚሄደው ወጣት ብዙውን ጊዜ ገና አፍላ ጎረምሳ ነው። ማንበብ፣ መጻፍና መደመር ይችላል፤ የአያቱን የሱቅ በደረቴ ወግ በቤት ሰምቷል። ሱቅ ውስጥ በጸሐፊነትና በሻጭነት ይገባል። ቀን ጨርቅ ሲለካ ውሎ ሌሊት እዚያው በመሸጫው ጠረጴዛ ላይ ወይም ሥር ይተኛል። ደመወዙ ከአለቃው ዘንድ ይቀመጥለታል፤ ዓመታት አልፈው ታማኝነቱ ሲታይ ከትርፉ ድርሻ ይሰጠዋል፤ ኋላም ባለቤቱ ወደ አገሩ ሲመለስ ሱቁን ለእርሱ ያወርሰዋል። በዝምድናና በአገር ልጅነት ላይ የቆመ፣ ወረቀት የማይበዛበት ሥርዓት ነበር፤ በመርካቶ ንግድ ሲሠራ የኖረ ሰው ሥርዓቱን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሊቨርፑል በሚል ስም ዛሬም በመላው ሜክሲኮ የሚታወቀው ታላቅ መደብር በ1847 የተመሠረተው ኤብራር በተባለ የዚህ ሸለቆ ሰው ነው። «የብረት ቤተ መንግሥት» የተባለው ሌላው መደብር በ1891 በሜክሲኮ ከተማ የብረት አውታር ባለው ፎቅ ተከፍቶ የአገሩ መነጋገሪያ ሆነ፤ የተሠራውም በእነዚሁ የባርስሎኔት ነጋዴዎች ገንዘብ ነው።

ጨርቅ ከመሸጥ ወደ ጨርቅ መሥራት አለፉ። በ1889 በኦሪሳባ አካባቢ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ ዋና ባለ አክሲዮኖች የዚህ ሸለቆ ሰዎች ነበሩ፤ በ1892 ፕሬዚዳንት ፖርፊሪዮ ዲያስ መርቆ የከፈተው የሪዮ ብላንኮ ፋብሪካ የዚሁ ኩባንያ ነው። በዚያ የሚሠሩት ሜክሲካውያን የሥራ ሰዓታቸው ረጅም፣ ደመወዛቸው አነስተኛ ነበር፤ ዕቃም የሚገዙት በፋብሪካው አጠገብ ካለው፣ ፈረንሳውያን ከያዙት ሱቅ በዱቤ ነበር። በ1906 መጨረሻ ባለ ፋብሪካዎቹ በራቸውን በሠራተኛው ላይ ዘጉ። ዲያስ በነገሩ ዳኛ ሆኖ ሠራተኛው ወደ ሥራው እንዲመለስ ፈረደ። ጥር 7 ቀን 1907 ብዙዎቹ አንመለስም አሉ፤ ሱቁ ተቃጠለ፤ ወታደር ተኮሰ። የሞቱት ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ብዙ መሆናቸው ግን አያከራክርም። የኡባይ ገበሬ ልጅ በአገሩ የግጦሽ መሬቱን በመንግሥት ተነጥቆ እንደ ወጣ የሚያስታውስ ሰው፣ ያው ገበሬ ባሕር ተሻግሮ የሌላውን ገበሬ ጉልበት እንዴት እንደ ያዘው ሲመለከት ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ሸለቆውን የሚያወድሱ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለው ያልፉታል።

ከተመላሾቹ ውስጥ የቀናቸው ከ1870ዎቹ እስከ 1930 ገደማ በባርስሎኔትና በዦዝዬ ሃምሳ ያህል ታላላቅ ቤቶች ሠሩ። ጎብኚ ሁሉ «የሜክሲኮ ቤቶች» ይላቸዋል እንጂ በአሠራራቸው የሜክሲኮ የሆነ ነገር የላቸውም፤ የዘመኑ የፈረንሳይ ሀብታም ከተሜ በኒስ ወይም በፓሪስ ዳርቻ የሚሠራቸውን ዓይነት ናቸው። ከነዚህ በ1878 የተሠራው ላ ሳፒንዬር ዛሬ የሸለቆው ቤተ መዘክር ነው፤ ትርጉሙ «የጥድ ደን» ማለት ነው። ተመላሾቹ በግቢያቸው ዙሪያ ዛፍ ሲተክሉ መንግሥት በተራራው ላይ ዛፍ ይተክል ነበር፤ በሁለቱ አጥር መካከል ያለው ሜዳ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ሰው እያጣ ሄደ። በሜክሲኮ ንግድ የበለጸገ አባት የወለደው ፖል ሬኖ በ1878 በዚችው ከተማ ተወልዶ፣ በ1940 በዚያ አስጨናቂ የጸደይ ወራት የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቅቷል። እነዚህ የተሳካላቸው ናቸው። የሚበዙት ግን አልተመለሱም፤ አንዳንዱ በሜክሲኮ አግብቶ ቀረ፣ ሌላው በቢጫ ወባ ሞተ፣ ሌላውም ባዶ እጁን ላለመታየት ደብዳቤ መጻፍ አቆመ። በከተማዋ መቃብር የታላላቆቹ ሐውልት አለ፤ የእነዚህ ግን የለም።

እንግዲህ ሁለቱ ታሪኮች ሊገናኙ ነው። ባርስሎኔት የምትገኝበት፣ በዚያ ዘመን የታችኛው አልፕስ ይባል የነበረው አውራጃ በ1830ዎቹ ከ150,000 በላይ ነዋሪ ነበረው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተደረገው ቆጠራ ግን ከ90,000 በታች ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ወደ ሜክሲኮ አልሄደም፤ ማርሴይና ሊዮን የዋጡት ይበልጣል። ሰው ሲቀንስ በገደል አፋፍ ላይ ይታረስ የነበረው መሬት ጦም አደረ፤ ፍየሉ ጠፋ፤ ለማገዶ የሚቆረጠው ቁጥቋጦ አደገ። የደን መሐንዲሱ ካልደረሰባቸው ተዳፋቶች ብዙዎቹ ማንም ሳይተክልባቸው በራሳቸው ለመለሙ። በዚህ ላይ የአየሩ ጠባይ መታከል አለበት። የዛሬ ጥናት እንደሚያሳየው አሥራ ስምንተኛውና አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አልፕስ ከወትሮው የበረደበት፣ ጎርፍም የበዛበት ዘመን ነበር፤ የብርዱ ዘመን ማብቂያና የታላላቁ ክትሮች ሥራ አንድ ላይ ገጠሙ። ጥቁሩ ድንጋይም የተፈረፈረው በግ ስለ ረገጠው ብቻ አይደለም፤ ከበግ በፊትም ይፈረፈር ነበር።

ይህ ማለት ዴሞንዜ በከንቱ ደከመ ማለት አይደለም። ክትሮቹ ባይኖሩ የሪዩ ቡርዱ ወለል መቆፈሩን አይተውም ነበር፤ ጥቁሩ መሬትም ያለ ሰው እጅ በመቶ ዓመት ውስጥ ደን ባልለበሰም። ነገር ግን የሙያው ሰዎች ለአንድ ትውልድ ሙሉ ጥፋቱን በእረኛው፣ ድሉን በመሐንዲሱ መዝገብ ጽፈው ነበር። በመዝገቡ ላይ ያልተጻፈው ሦስተኛው ወገን ቤቱን ዘግቶ የሄደው ነው። ተራራው ያረፈበት ዋጋ ከፊሉ የተከፈለው በመንግሥት በጀት ሲሆን፣ ከፊሉ የተከፈለው በሰው መሰደድ ነው። ያን የተራራ ሥራ እንደ አርአያ ወስዶ ሌላ ቦታ ለመድገም የሚያስብ ባለሙያ ይህን ማወቅ አለበት፤ ሕዝቡ ከነበጎቹ በቦታው ባለበት አገር ያው ክትርና ያው ችግኝ ያንኑ ውጤት እንደሚያመጣ የባርስሎኔት ታሪክ አያረጋግጥምና። አገር ቤት በእርከንና በክልከላ ሥራ የዋሉ የማኅበሩ አባላት ይህን ጥያቄ ከማንም ይልቅ በእጃቸው ዳስሰውታል።

ጎርፉ ደግሞ ጨርሶ አልሞተም። በሰኔ 1957 በረዶ ገና በሚቀልጥበት ወቅት ከሜዲቴራኒያን የመጣ ከባድ ዝናብ የኡባይን ሸለቆ ከላይ እስከ ታች አጥለቀለቀ፤ መንገድና ድልድይ ተወሰደ። በ1982 ከሳን ፖን መንደር በላይ፣ ላ ቫሌት በተባለው ቦታ፣ ደን የለበሰ ተዳፋት ከነዛፉ መንሸራተት ጀመረ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መሣሪያ ተተክሎለት እንቅስቃሴው ሲለካ ኖሯል። ዛፍ የላይኛውን አፈር ይይዛል፤ ሥሩ የማይደርስበት ጥልቀት ላይ ያለውን ግን ሊይዝ አይችልም፤ ይህንንም ላ ቫሌት በግልጽ አስተምሯል። በነሐሴ 1996፣ እንደገናም በነሐሴ 5 ቀን 2003፣ ከከተማዋ ጥቂት ወደ ላይ ባለችው በፎኮን መንደር በአንድ የበጋ ነጎድጓድ የጭቃና የድንጋይ ጎርፍ ወረደ፤ በ2003 የወረደው ከወንዙ ወጥቶ ቤቶችን ጎዳ። በፎኮን ወንዝ ላይ የድሮዎቹ ክትሮች ነበሩ፤ የተጎዱት ቤቶች የቆሙት ግን በዚያው አሮጌ ማራገቢያ መሬት ላይ ነው። አያቶቹ ጎርፍ ሲወርድ አይተው የሸሹትን መሬት፣ ደኑ አድጎ ጸጥታ በሰፈነበት ዘመን የተወለዱት ልጆች ለቤት መሥሪያነት ገዙት። ከተማዋ ዛሬ የምትኖረው በበረዶ መንሸራተቻና በበጋ ጎብኚ ነው፤ በየነሐሴው በአደባባይዋ የሜክሲኮ ሙዚቃ የሚሰማበት በዓል ታከብራለች፤ ባዶ ሜዳም ዋጋ አለው።

ክትሮቹን የሚጠብቀው ከ1882ቱ ሕግ የወጣው የተራራ መሬት መልሶ ማልማት አገልግሎት ሲሆን፣ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ የደን መሥሪያ ቤት ሥር ይገኛል። የድንጋይ ክትር በየጊዜው ይሰነጠቃል፣ እግሩ ይቦረቦራል፣ ክንፉ ይነቀላል። በዴሞንዜ ዘመን አንድ ክትር ሲናድ የመንደሩ ሰው አካፋና ባሬላ ይዞ በማግሥቱ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ በብዙዎቹ ተዳፋቶች ላይ የሚወጣ መንደርተኛ የለም፤ መሣሪያውም ሠራተኛውም ከሩቅ መጥቶ፣ አንዳንዱም በሄሊኮፕተር ተጭኖ ይደርሳል። ከክትሮቹ መካከል የትኞቹ ይጠገኑ፣ የትኞቹ ለተፈጥሮ ይለቀቁ የሚለው በየበጀት ዓመቱ የሚነሣ ክርክር ነው። ጥቁሮቹም ጥዶች አርጅተዋል። በአንድ ዘመን የተተከሉ ናቸውና በአንድ ዘመን ይደክማሉ፤ የደን መሥሪያ ቤቱም ከሥራቸው ሌላ ዓይነት ዛፍ እንዲተካ፣ አፈሩ ሳይራቆት አሮጌው በጥቂት በጥቂቱ እንዲነሣ እየሠራ ይገኛል።